ቤት ሲሸጥ የሚሸጠው ምንድን ነው?

በአያት፣ በጀሞና በቱሉ ዲምቱ አካባቢ «ቦታዬን ከነቤቱ ሸጥኩ» ማለት የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት መሆኑን ስለሚደነግግ፣ በውል የሚተላለፈው ቤቱና በቦታው የመጠቀም መብት ብቻ ነው። ውሉም ቢሆን በሽማግሌዎች ፊት መፈረሙ ብቻውን አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል፤ የጨረቃ ቤት (ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት) ገዢዎች ብዙውን ጊዜ የሚቸገሩትም ቤቱ ካርታ (የይዞታ ማረጋገጫ) ስለሌለው እዚህ ላይ ነው።

ሻጩ በቤቱ ላይ የባንክ መያዣ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ ካለ አስቀድሞ መግለጽ ይኖርበታል። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ ደግሞ፣ ካርታው በአንዱ ስም ብቻ ቢወጣም እንኳ፣ በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 መሠረት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል።

ሰዎችን ይበልጥ የሚያደናግረው ክፍያው ነው። እንደ ቤት ካለ የካፒታል ሀብት ማስተላለፍ በሚገኝ ጥቅም ላይ የሚጣለው ግብር የሚሰላው ከጠቅላላው የሽያጭ ዋጋ ሳይሆን ከትርፉ ላይ ሲሆን፣ ስም ሲዛወር የሚጠየቀው የቴምብር ቀረጥ ግን ሻጩ ቢያተርፍም ቢከስርም ከንብረቱ ዋጋ 2 በመቶ ነው።