ፋይቶፕላንክተን ምንድን ነው? ጎርፍስ ምን ያደርገዋል?

ፋይቶፕላንክተን በውሃ ውስጥ ተንሳፍፎ የሚኖር፣ ለየብቻው በዓይን የማይታይ፣ ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራ ደቂቅ ሕይወት ነው። ሥርም ግንድም የለውም። ሲበዛ ግን ውሃውን አረንጓዴ ያደርገዋል። ጣና ላይ ቀረሶ የተባለው ዓሣ ከሚመገባቸው ነገሮች ዋናው እሱ ነው። በዓለም ላይ ከሚመነጨው ኦክስጅን ግማሽ ያህሉም የባሕር ፋይቶፕላንክተን ሥራ ነው።

ጎረቤቱ ባክቴሪያ ነው። አብዛኛው ባክቴሪያ ብርሃን አያስፈልገውም፤ የበሰበሰ ቅጠል፣ እበት፣ የከተማ ፍሳሽ ከመጣለት ይበላል። ሲበላም በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሳል።

ከሁለቱ የትኛው እንደሚበረታ ሲጠየቅ ብዙ ሰው መልሱን ከሙቀት ይፈልጋል። በረዶ በሚጥልበት አገር ያስኬዳል። በሐሩር ክልል ግን ውሃው ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ስለሆነ ወቅቱን የሚለውጠው ዝናብ ነው።

የመገጭን ወንዝ እንይ። ቀሃና አንገረብ ከጎንደር ከተማ ያጠቡትን ይዘው ወደ እሱ ይወርዳሉ፤ እሱም የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከውሃው አንድ ብርጭቆ ቀድተው ቢያስቀምጡት ከባዱ አፈር ወዲያው ታች ይቀመጣል፤ ላይኛው ግን በማግስቱም እንደደፈረሰ ነው። ያ ያልጠለለው ደቃቅ ሸክላ ነው ነገሩን የሚወስነው። ጎርፉ ከማሳ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ስለሚያመጣ ለፋይቶፕላንክተን ድግስ ነበር፤ ነገር ግን ሸክላው ብርሃኑን ይጋርድበታል። ማዕዱ ቀርቦ መብላት የተከለከለ እንግዳ ይሆናል። ባክቴሪያ ግን ጨለማው ግድ አይሰጠውም፤ ጎርፉ ያመጣለትን ብስባሽ ይበላል።

እንደ አማዞን ያሉ የሐሩር ክልል ወንዞች ከውቅያኖስ በሚገናኙበት አፍ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ እሱም ጨው ነው። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። ወንዙ ከዚያ ጋር ሲቀላቀል የሸክላው ቅንጣቶች እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ይከብዳሉ፣ ይሰጥማሉ። ከዚያ ወዲያ ውሃው ይጠራል፤ ወንዙ ያመጣው ማዳበሪያም ገና አላለቀም። ስለዚህ ፋይቶፕላንክተን በብዛት የሚገኘው ወንዙ አፍ ላይ ሳይሆን ከአፉ ራቅ ብሎ ነው። ድፍርሱ ዘንድ ባክቴሪያ ይበረታል፣ ከጠራው ዘንድ አረንጓዴው።

ጣና ይህን የሚያጠራ ጨው የለውም። በዚያ ላይ ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ ነፋስ ከሥር ያለውን ደለል መልሶ ያነሳዋል። በእኔ እይታ የጣና ችግር ከማዳበሪያው ይልቅ ከአፈሩ ይጀምራል፤ ሰው የሚያወራው ግን ስለ እምቦጭ ነው። እምቦጭ ፋይቶፕላንክተን ባይሆንም ያንኑ ማዳበሪያ ይጠጣል፣ ብርሃኑንም ይከልላል።

ውሃው ጠራ ሲልና ነፋሱ ሲረግብ ደግሞ ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ሊፈላ ይችላል። ይኸኛው ብርሃን እየተመገበ የሚኖር ባክቴሪያ ስለሆነ ከላይ የለየናቸውን ሁለቱን ወገኖች ያደባልቃል። ላዩ ላይ እንደ አረንጓዴ ቀለም ይጋገራል። አንዳንዱ ማይክሮሲስቲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። መርዙን ማፍላት አያጠፋውም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለውን ውሃ ከመጠጣትም ከብት ከማጠጣትም መቆጠብ ነው።

የእኛ ጎርፍ ደግሞ የሚያልቀው ጣና ላይ አይደለም። የዓባይ የክረምት ሙላት ከኢትዮጵያ ደጋ ይዞት የሚወርደው ንጥረ ነገር ወንዙ ሜዲትራኒያን ባሕርን በሚቀላቀልበት አፍ ላይ በየዓመቱ ፋይቶፕላንክተን ያፈላ ነበር፤ ሰርዲን ዓሣም እሱን ተከትሎ ይመጣ ነበር። አስዋን ላይ ግድቡ ሙላቱን ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያስቀር፣ በ1962 ወደ 18,000 ቶን የነበረው የግብፅ የሰርዲን ምርት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1,000 ቶን በታች ወረደ። በ1980ዎቹ ዓሣው መልሶ አገግሟል፤ ይሁንና አሁን የሚመግበው በአብዛኛው ከግብፅ እርሻ የሚወርድ ማዳበሪያና የከተሞቿ ፍሳሽ ነው ይባላል።