ትይዩ ዓለማት በልብ ወለድና በተከታታይ ፊልም፦ ከጣና ዳር የተደረገ ዳሰሳ

ትይዩ ዓለም የሚባለው ከእኛው ዓለም ጎን ለጎን አለ ተብሎ የሚታሰብ ሌላ ዓለም ነው። ብዙ ነገሩ የእኛን ይመስላል። እዚያም ባሕር ዳር አለች፤ እዚያም ዓባይ ከጣና ይወጣል። አንተም እዚያ አለህ፤ ምናልባት ሌላ ሥራ ይዘህ፣ ሌላ ሰው አግብተህ፣ ወይም ገና በልጅነትህ ሞተህ። ሐሳቡ በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ውስጥ ከጊዜ ጉዞ ያልተናነሰ ቦታ አለው። ባሕር ዳር ላይም ተከታይ አላጣም። ሙሉ ሲዝን በፍላሽ አስጭኖ ወደ ግቢ የሚመለሰው ተማሪ፣ ተራው እስኪደርስ በአማርኛ የሚተረክ ፊልም በስልኩ የሚያየው የባጃጅ ሾፌር፣ ሁለቱም "መልቲቨርስ"፣ ማለትም የትይዩ ዓለማት ስብስብ፣ ምን እንደሆነ ያስረዱሃል። ምናልባትም ከዚህ ጽሑፍ በተሻለ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ትይዩ ዓለም ከአማራጭ ታሪክ ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። በአማራጭ ታሪክ ያለው ዓለም አንድ ብቻ ነው፤ ሆኖም የሆነ ቦታ ላይ ታሪኩ ከእኛው ተለይቶ ሌላ አቅጣጫ ይዟል። ባለታሪኮቹ የእኛ ዓለም መኖሩን አያውቁም። በትይዩ ዓለም ግን ሁለቱም አሉ፤ መካከላቸውም መሻገሪያ አለ። ድንበሩ ጥብቅ አይደለም። ደራሲዎች ሲያሻቸው አጥሩን ይዘሉታል።

የቆየው መሻገር

የጣና ዳር ሰው ለዚህ ነገር ባዶ እጁን አይመጣም። በዘጌ ጫካና በደሴቶቹ ገዳማት አካባቢ ስለ ስውራን ያልሰማ የለም። አጠገብህ እየጸለዩ የማታያቸው፣ ካልፈቀዱ የማይገለጡ ቅዱሳን ናቸው። ስለ ብሔረ ብፁዓንም ይነገራል። ገድለ ዞሲማስ አንድ ባሕታዊ ከእኛ ተለይተው ወደሚኖሩት ብፁዓን አገር መሻገሩን ይተርካል። እዚያ የሚያሻግረው ማሽን ሳይሆን ጾምና ጸሎት ነው። ይህ ከሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጋር አንድ ነው ለማለት አይደለም፤ የሃይማኖት ነገር በራሱ ክብር ይቀመጥ። ግን "ሌላው ዓለም እዚሁ ነው፣ ዓይን ነው ያላየው" የሚለው ስሜት ለአያቶቻችን አዲስ አልነበረም።

ሳይንሱ በአጭሩ

በ1957 ሂዩ ኤቨረት የሚባል የፕሪንስተን ተማሪ ለዶክትሬት ማሟያው አንድ ደፋር ሐሳብ አቀረበ። የኳንተም ፊዚክስን እኩልታ እንዳለ ከተቀበልነው፣ ልኬት ስናደርግ ከሚቻሉት ውጤቶች አንዱ ተመርጦ ሌሎቹ አይጠፉም። ሁሉም ይሆናሉ፤ እኛ ግን ያለንበትን ቅርንጫፍ ብቻ እናያለን። በዘመኑ የመስኩ ትልቅ ሰው የነበረው ኒልስ ቦር አልተቀበለውም። ኤቨረት ዩኒቨርሲቲውን ትቶ ለፔንታገን የጦርነት ስሌት ወደመሥራት ሄደ። "ብዙ ዓለማት" የሚለውን ስም ያስለመደው ሌላ ፊዚሲስት፣ ብራይስ ደዊት ነው። ሐሳቡንም በ1970 በጻፈው ጽሑፍ ለሰፊው አንባቢ አደረሰ። ኤቨረት በ1982 በ51 ዓመቱ ሞተ።

ፊልሞቹ የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። በኤቨረት ሐሳብ ቅርንጫፎቹ ከተለያዩ በኋላ አይገናኙም። ሰው ይቅርና መልእክት እንኳ አይሻገርም። ስለዚህ በር ተከፍቶ ሰው የሚገባበት ታሪክ ሁሉ ሳይንሱን ለመነሻ ተውሶ፣ ወዲያው ትቶት የሚሄድ ነው። ችግር የለውም። ደራሲ የላቦራቶሪ ሪፖርት አይጽፍም።

ደግሞም ልብ ወለዱ ፊዚክሱን ቀድሞታል። አሜሪካዊው ደራሲ መሪ ሌንስተር በ1934 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ የምድር ቁርጥራጮች ከሌሎች ዓለማት ቁርጥራጮች ጋር ይለዋወጣሉ፤ የሮማ ወታደሮች አሜሪካ ውስጥ ብቅ ይላሉ። ከ1995 ጀምሮ ለአማራጭ ታሪክ ድርሰቶች የሚሰጠው የሳይድዋይዝ ሽልማት ስሙን ያገኘው ከዚህ ታሪክ ነው። አርጀንቲናዊው ቦርኸስ ደግሞ በ1941 ምንም ማሽን ሳያስፈልገው፣ ሰው ከፊቱ ያሉትን ምርጫዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚመርጥበትን መጽሐፍ አሰበ። ኤቨረት ያን ጊዜ ገና የ10 ወይም የ11 ዓመት ልጅ ነበር።

አንዲት ጥይት

በመጽሐፍ ከወጡት ሁሉ ስሙ የገነነው የፊሊፕ ኬ. ዲክ "ዘ ማን ኢን ዘ ሃይ ካስል" ነው። በ1962 ታትሞ በቀጣዩ ዓመት ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማትን ወሰደ። ከ2015 እስከ 2019 በአራት ሲዝን ተከታታይ ፊልም ሆኗል። ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ተኩስ ነው። በየካቲት 1933 ማያሚ ላይ ጁሴፔ ዛንጋራ የሚባል ሰው በተመራጩ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ላይ ተኩሶ ሳተ፤ ከጎናቸው የነበሩት የቺካጎ ከንቲባ ተመትተው ሞቱ። በዲክ ዓለም ግን ጥይቱ አልሳተም። ከዚያ አሜሪካ ተዳከመች፣ ጦርነቱን ተሸነፈች፣ ጀርመንና ጃፓን ተካፈሏት። በዚያ ዓለም ውስጥ ደግሞ አንድ የተከለከለ መጽሐፍ በድብቅ ይነበባል፤ የሚተርከውም እነ አሜሪካ ያሸነፉበትን ዓለም ነው። በፊልሙ መጽሐፉ ወደ ፊልም ጥቅልል ተለውጧል።

አሜሪካዊ ተመልካች ይህን የሚያየው እንደ ቅዠት ነው። ከተማው ውስጥ የወራሪ ባንዲራ፣ ከወራሪው ጋር ተስማምቶ የሚኖር ጎረቤት፣ ጫካ የገባ ዘመድ። ለእኛ ግን ከ1936 እስከ 1941 የሆነ ነገር ነው። አርበኛና ባንዳ የሚሉ ቃላት ያሉት ሕዝብ ይህን ፊልም ሲያይ ፈጠራው የቱ ጋ እንደሚጀምር ለመለየት ትንሽ ይቸገራል። በእኔ ግምት ደግሞ የዲክን መጽሐፍ ከአሜሪካውያኑ በላይ የምንረዳው በዚህ ምክንያት ነው።

በቴሌቪዥን

በሩን የከፈተው ስለ አንድ የጠፈር መርከብ የሚተርከው የስታር ትሬክ በጥቅምት 1967 የታየ ክፍሉ ነው፤ ርእሱ "ሚረር፣ ሚረር"። መርከበኞቹ ሰውን ከቦታ ቦታ በቅጽበት በሚያደርሰው ማጓጓዣ ብልሽት ሌላ መርከብ ላይ ይገኛሉ። መርከቡ ያው ነው፣ ሰዎቹም ያው ናቸው፤ ሥርዓቱ ግን እድገት የሚገኘው አለቃን በመግደል የሆነበት ነው። ከመርከበኞቹ አንዱ የሆነው ስፖክ እዚያ ፂም አለው። ያች ፂም ከዚያ ወዲህ የክፉ መንታ መታወቂያ ሆና ቀረች፤ እስከ ዛሬ ይቀለድባታል።

ከ1995 እስከ 2000 የታየው ስላይደርስ ብዙ ድክመት አለው፤ መጨረሻው አካባቢ ለማየት ይከብዳል። ግን አንድ ትዕይንቱ ከዘርፉ ምርጦች ይመደባል። አራት ሰዎች ከዓለም ዓለም እየዘለሉ ቤታቸውን ይፈልጋሉ። አንድ ጊዜ ከአራቱ አንዱ የሆነው ወጣት ወላጆቹ ቤት በራፍ ላይ ይደርሳል። የግቢው በር ሲከፈት ሁልጊዜ ይንጫጫ ነበር። ይሞክረዋል፤ ዝም። የእኛ ቤት አይደለም ብለው ወደሚቀጥለው ዓለም ዘለሉ። ወዲያው እናቱ ብቅ አለች፤ ከጎኗ ያለው አትክልተኛ ማጠፊያውን አስተካክሎት ነበር። ለዚህ ትዕይንት ምንም የፊልም ጥበብ አላስፈለገም። አንድ የበር ማጠፊያ በቃ።

ፍሪንጅ ላይ ሲደረስ ግን ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ከ2008 እስከ 2013 በአምስት ሲዝን 100 ክፍል ታየ። ዋልተር ቢሾፕ የሚባል ሳይንቲስት ትንሽ ልጁ ፒተር በሕመም ይሞትበታል። ሌላውን ዓለም የሚያሳይ መስኮት ሠርቷል። እዚያ ሌላው ፒተርም ታሟል፤ ሌላው ዋልተር ሌት ተቀን መድኃኒት ይፈልጋል። አንድ ቀን ቅመሙ ሠመረለት። ግን በዚያች ቅጽበት ሐሳቡ ተሰርቆ ዞር ብሎ ነበርና ውጤቱን ሳያየው አለፈ። በመስኮቱ በኩል ያየው የእኛው ዋልተር ነው።

ከዚያ 1985 ላይ፣ ክረምት፣ በረዶ ወደሠራ ሐይቅ መድኃኒቱን ይዞ ሄደ። ሲሻገር ብልቃጡ ተሰበረ። ልጁን ወደዚህ አምጥቶ፣ አድኖ፣ ሊመልሰው ወሰነ። በመመለሻው በረዶው ተደረመሰና ሁለቱም ውኃ ውስጥ ገቡ፤ ለጥቂት ተረፉ። ልጁም ዳነ። እናቱ ግን አየችው። ልጇን የቀበረች ሴት ልጇን ቆሞ ስታይ ማን ነው "ይህንን መልሼ ልውሰደው" የሚል? ዋልተር አልቻለም። በዚያች መሻገር ምክንያት ሌላው ዓለም መሰነጣጠቅ ጀመረ። እዚያ ያሉት ሰዎች ስንጥቁን ለመድፈን ሰው እያለበት ቦታውን በሙጫ መሰል ነገር ያሽጉታል። እዚያ የቀረው ሌላው ዋልተር ልጁ የተሰረቀበት አባት ነው፤ ክፉ ሆኖ ቢመጣ ማን ይፈርድበታል?

ትይዩ ዓለም የሚነግረን ነገር ካለ ይኸው ነው። መሻገር ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልተሻገረው ሰው ነው። ማሽኑ ጌጥ ነው። የፊሊፕ ፑልማን ሦስት መጻሕፍትም፣ ከ1995 እስከ 2000 የወጡት፣ የቆሙት እዚሁ ላይ ነው፦ በቢላ የተቀደደ የዓለም መስኮት ክፍት ከቀረ ሕይወት እየፈሰሰ ያልቃል፤ ከተዘጋ ደግሞ የሚዋደዱ ሁለት ልጆች ለዘላለም ይለያያሉ።

ከ2017 እስከ 2019 የታየው ካውንተርፓርት በርሊንን መረጠ። ከ1987 ጀምሮ ዓለም ለሁለት ተከፍሏል፤ መሻገሪያው ምድር ቤት ያለ አንድ መተላለፊያ ነው፤ ቪዛ፣ ፖሊስ፣ ሰላይ አለው። ጄ. ኬ. ሲመንስ ዋናውን ባለታሪክም፣ በሌላው ዓለም ያለውን አምሳያውንም ይጫወታል፤ በአካሄዱ ብቻ የትኛው እንደሆነ ታውቃለህ። የጀርመኑ ዳርክ ዋና ነገሩ የጊዜ ጉዞ ነው፤ ሁለተኛው ዓለም የሚመጣው ዘግይቶ ነው።

ስለ ልዕለ ጀግና ፊልሞች ብዙ ማለት አልፈልግም። መልቲቨርስን ሰፈር ድረስ ያመጡት እነሱ ናቸው፤ ይመስገኑ። ግን የሞተ ጀግና ከሌላ ዓለም ተተክቶ ሲመጣ ለሞቱ ያለቀስነው እንባ ከንቱ ይሆናል።

ከእኛ አካባቢ

ከአፍሪካ ቀንድ የወጣ አንድ መጽሐፍ መነሣት አለበት። የጅቡቲው ተወላጅ አብዱረህማን ዋበሪ በ2006 በፈረንሳይኛ ባሳተመው ልብ ወለድ አፍሪካ ሀብታምና አንድ ናት፣ ዋና ከተማዋ አስመራ ነው። ስደተኛው ከአውሮፓና ከአሜሪካ ይጎርፋል። ቀልዱ ይጎመዝዛል። የእንግሊዟ ማሎሪ ብላክማንም በ2001 ጥቁሮች ገዥ፣ ነጮች ተገዥ የሆኑበትን ዓለም ጽፋለች፤ ቢቢሲ በ2020 ወደ ተከታታይ ፊልም ለውጦታል።

በአማርኛ ልብ ወለድ የጀመሩት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ተወላጅ ናቸው፤ መጽሐፋቸው በ1908 ሮም ታተመ። ስለዚህ ጣና ዳር ለልብ ወለድ ባዕድ አይደለም። ለትይዩ ዓለም የሚሆን መታጠፊያም ሞልቶታል። በየካቲት 1543 ከጣና በስተምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ወደቁ፤ የመታቸው የፖርቱጋል ጠመንጃ ያዥ እንደሆነ ይነገራል። እንደ ማያሚው ሁሉ አንዲት ጥይት ናት፤ ልዩነቱ ይህችኛዋ አለመሳቷ ነው። ብትስትስ? የሚጽፍ ሰው ካለ ግን ይጠንቀቅ። የአንዱን ወገን ድል የሁሉም ድል አድርጎ ከጀመረ ልብ ወለዱ ቅስቀሳ ይሆንበታል።

ቀለል ያለውም አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋና ከተማውን ወደ ባሕር ዳር የማዛወር ሐሳብ እንደነበራቸው ይነገራል። በ1960ዎቹ በጀርመን ባለሙያዎች ማስተር ፕላን ተዘጋጀላት፤ በሶቪየት እርዳታ ፖሊ ቴክኒክ ተከፈተ፤ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት ተሠራ። ዋና ከተማነቱ ግን ሳይመጣ ቀረ። ሰነፍ ደራሲ ያቺን ሌላዋን ባሕር ዳር በፎቅና በባቡር ይሞላታል። ጎበዙ ታንኳ ከሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል፣ ከደንገሉ ይጀምራል። ከዘጌ ማገዶ ጭና የመጣች ታንኳ ሁለት ሦስት ወር ሠርታ ውኃ ስትጠጣ በአዲስ ደንገል ትተካለች። የሐይቁ ዳር በሙሉ ኤምባሲና ሆቴል በሆነባት ዋና ከተማ ደንገል የሚበቅልበት ረግረግ የት ይተርፋል? ከእኛዋ ባሕር ዳር የተሻገረ ታንኳ ሠሪ የሚያጭደው አጥቶ ሲዞር ታሪኩ ያኔ ይጀምራል።

ከየት ልጀምር ለሚል፦ "ሚረር፣ ሚረር" 50 ደቂቃ ገደማ ነው፣ በአንድ ቁጭታ ያልቃል፤ ከእሱ ይጀመር። ቀጥሎ ፍሪንጅ፤ የመጀመሪያው ሲዝን ቢዘገይብህም አትተወው፣ የሐይቁ ታሪክ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ካውንተርፓርት ሁለት ሲዝን ብቻ ስለሆነ ለአንድ ረጅም በዓል ይበቃል። ዳርክን ለመጨረሻ ተወው፤ ማን የማን አባት እንደሆነ የምትጽፍበት ወረቀትም አዘጋጅ።