ኤክስትራዶዝድ ድልድይ ምንድን ነው? ለቦርከናስ ያስፈልገዋል?

ከኮምቦልቻ ባሕር ዳር ደርሰው የሚመለሱ ሰዎች አዲሱን የዓባይ ድልድይ አድንቀው ሲያበቁ፣ «ለእኛስ ወንዛችን ቦርከና እንዲህ ያለ ቢሠራለት ምን ነበረበት?» ይላሉ። ምኞቱ ይገባኛል። ይሁንና የዚያን ድልድይ አሠራር የተረዳ ሰው ለቦርከና የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የባሕር ዳሩ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ 43 ሜትር ነው። ዓይነቱ ኤክስትራዶዝድ ይባላል። በተራ የኮንክሪት ድልድይ ላይ ሸክሙን ሁሉ የሚችለው ከምሰሶ ምሰሶ የተዘረጋው አግዳሚ ስለሆነ፣ ወንዙ ሲሰፋ ወይ ምሰሶ ማብዛት ወይ አግዳሚውን ማወፈር ግድ ይላል። በገመድ በተንጠለጠለ ድልድይ ደግሞ ከረጅም ማማ የሚወርዱ ገመዶች ወለሉን ወደ ላይ ይዘውት ይቆማሉ። ኤክስትራዶዝድ ከሁለቱም ይወስዳል። ገመድ አለው፣ ማማው ግን አጭር ነው፤ በተንጠለጠለው ድልድይ የማማው ቁመት በሁለቱ ማማዎች መካከል ያለውን ርቀት አንድ አምስተኛ ያህል ሲሆን፣ እዚህ አንድ አሥረኛ ገደማ ይበቃዋል። ማማው ስላጠረ ገመዱ ጋደል ይላል፤ ወለሉን ከማንሣት ይልቅ በርዝመቱ ይጨምቀዋል።

ጥበቡ ያለው እዚህ መጭመቅ ላይ ነው። ኮንክሪት ሲጨመቅ ብርቱ፣ ሲሳብ ግን ደካማ ነው። ጥቂት ጡቦችን ደርድረው ከግራና ከቀኝ በእጅዎ አጥብቀው ቢጫኗቸው፣ ሳይበታተኑ አብረው ይነሣሉ፤ ገመዶቹም ለወለሉ የሚያደርጉለት ይህንኑ ነው። አግዳሚው የሸክሙን ትልቅ ድርሻ ራሱ ስለሚችል፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ገመዱ ላይ የሚደርሰው የጫና መለዋወጥ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ አይደክምም።

ሐሳቡን በ1988 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዣክ ማቲቫ ሲሆን፣ በ1994 እ.ኤ.አ. ጃፓን ኦዳዋራ ላይ ተሠራበት። ወደ አገራችንም የገባው በጃፓን እርዳታ ነው፤ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው 303 ሜትር የሚረዝመው የሕዳሴ ድልድይ በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ተከፍቷል።

ቦርከና ግን ሌላ ወንዝ ነው። በበጋ ይሳሳል፤ ምሰሶ የሚቆምበት ደረቅ መሬት አያጣም፤ አጭር አግዳሚም ይሻገረዋል። አስፈሪነቱ ክረምት ላይ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ እስኪደርስ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ጎርፉ ድንጋይና ግንድ እየገፋ ይመጣል፤ በምሰሶው ግርጌ እየተሽከረከረም አፈሩን ይቦረቡራል። ላዩ ደህና የሚመስል ድልድይ በአንድ ሌሊት የሚወድቀው እንዲህ ሥሩ ሲራቆት ነው። ስለዚህ ለቦርከና የምመኘው ገንዘቡ ለማማና ለገመድ ሳይሆን፣ ጎርፉ ከሚቦረቡረው በታች ለሚወርድ መሠረትና ግንዱን ሳያግድ ለሚያሳልፍ ሰፊ ክፍተት እንዲውል ነው። ከክረምት በኋላ ደግሞ ባለሙያ ወርዶ የምሰሶውን ግርጌ ይመርምር፤ ከድልድይ ሥር አሸዋ መዛቅም ይከልከል።