በበረዶ አገር ለጥጃ የሚሰጥ ማዕድን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እንደ ፊንላንድ ባሉ አገሮች ከብት ከዓመቱ የሚበልጠውን ጊዜ በረት ውስጥ ሆኖ በተከማቸ ድርቆሽና በእህል ስለሚቀለብ፣ ጥጃ አሳዳጊዎች ከመኖው ጋር ማዕድናትን ቀላቅለው ይሰጣሉ። ልማዱ ተገቢ ቢሆንም በዙሪያው የተሳሳቱ እምነቶች አይጠፉም።

የመጀመሪያው ማዕድን ጥጃን ከብርድ ይከላከላል የሚለው ነው። ማዕድን ሙቀት አይሰጥም፤ ሙቀት የሚገኘው ከወተቱ ስብና ስኳር፣ ጥጃው ሲጎረምስም ከእህሉና ከድርቆሹ ነው። ገና የተወለደ ጥጃ የአካባቢው ሙቀት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሚደርሰው ወሰን በታች ሲወርድ፣ ገላውን ለማሞቅ ብቻ ተጨማሪ ጉልበት ያቃጥላል። እናቱን ድርቆሽ በትልቁ ጨጓራዋ ሲብላላ የሚወጣው ሙቀት ያግዛታል፤ የእሱ ጨጓራ ግን ለዚህ ገና አልደረሰም። ስለዚህ ለሚንቀጠቀጥ ጥጃ መድኃኒቱ ተጨማሪ ወተትና ደረቅ የገለባ ጉዝጓዝ ነው።

መሬቱ ለምለም ሣር ካበቀለ ማዕድን አይጎድልም የሚለው እምነት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ጉዳት ያደርሳል ብዬ አምናለሁ፤ ጉድለቱ በዓይን አይታይምና። የከብት ጡንቻ የሚፈልገው ሴሊኒየም የተባለው ማዕድን ለሣር ዕድገት አስፈላጊ ስላልሆነ፣ ሣሩ ያለ እሱ አረንጓዴ ሆኖ ያድጋል። በፊንላንድ አሲዳማና ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ሴሊኒየም ከብረት ውሁዶች ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ሥር አያገኘውም፤ ይህን ሣር የበላች ላም የምትወልደው ጥጃም ጡንቻው እየነጣና እየደረቀ በሚሄድበት፣ በተለምዶ የነጭ ጡንቻ በሽታ በሚባለው ሕመም ሊያዝ ይችላል። እግሩ ይገተራል፣ ቆሞ መጥባት ያቅተዋል፤ በሽታው የልብን ጡንቻ ካገኘም ሳይታሰብ ይሞታል። ከሴሊኒየም ጋር ተባብሮ የሚሠራው ቫይታሚን ኢ ድርቆሽ በቆየ ቁጥር እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ አደጋው ወደ በረዶው ወራት ማብቂያ ይብሳል። ፊንላንድ በ1984 ሴሊኒየም ከማዳበሪያ ጋር እንዲቀላቀል ወስና ችግሩን ከምንጩ ያቃለለችው ለዚህ ነው፤ ያን ማዳበሪያ የማይጠቀሙ እርሻዎች ግን ዛሬም ለእርጉዞቹ ላሞች ጭምር ሴሊኒየም ከመኖው ጋር መስጠት ይኖርባቸዋል፤ ጥጃው የመጀመሪያ ስንቁን የሚይዘው በማኅፀን ሳለ ነውና።

ከዚህ ተነሥቶ ቢበዛ አይጎዳም ማለትም ስሕተት ነው። ለከብት በአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ መኖ ውስጥ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ግራም ሴሊኒየም ይበቃል፤ መጠኑ አብዝቶ ሲያልፍ ፀጉር ይረግፋል፣ ሰኮናም ይሰነጠቃል። መዳብም ወተት ለሚጠባ ጥጃ ሲበዛ ጉበቱን ይጎዳል። እንዲህ ያለውን ነገር በአካፋ ገምቶ መቀላቀል አይገባም።

ከብት የጎደለውን ራሱ ልሶ ያሟላል ይባላል። አሞሌ የሚያላስስ ገበሬ እንደሚያውቀው ከብት ጨውን አጥብቆ ይሻል፤ ይህ መሻት ግን ስለ መዳብ ወይም ስለ ሴሊኒየም ምንም አይነግረንም። አንዱ ጥጃ ቀኑን ሙሉ ሲልስ ሌላው ዞር ብሎም ላያየው ይችላል።

በመጨረሻ፣ ፉርሽካ የሚበላ ጥጃ ማዕድን አይቸግረውም የሚሉ አሉ። ፉርሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚፈለገው ደግሞ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ልቆ፣ እስከ ሁለት እጥፍ ሲሆን ነው። ሚዛኑ ሲዛባ በተለይ በተኮላሹ ወይፈኖች የሽንት ቧንቧ ውስጥ ጠጠር ይሠራል፤ በብርድ ጊዜ ውሃ በረዶ ስለሚሆንና ከብቱም ጥቂት ስለሚጠጣ ሽንቱ ይወፍራል፣ ጠጠሩም ይበረታል። የኖራ ድንጋይ ዱቄት ካልሲየሙን ያስተካክላል፤ ውሃው በቀን ደጋግሞ ለብ ብሎ ካልቀረበ ግን ዱቄቱ ብቻውን ጠጠሩን አያስቀርም፣ ጨው እያላሱ ውሃ መንፈግ ደግሞ ጥጃውን በጨው መመረዝ ሊገድለው ይችላል።