«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም»፤ ለእንጎቻስ?

አባባሉን የማያውቅ የለም። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። አጥንቴ ድረስ የገባው ግን ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ነው።

የደመወዝ ሊስት እንድሠራ ተሰጠኝ። አምሽቼ ጨርሼ አስገባሁ። የጡረታውን 7 በመቶ ከዋናው ደመወዝ ላይ ብቻ ማስላት ሲገባኝ አበሉንም ደምሬበት ነበር። አለቃዬ ወረቀቱን አየና ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሌሎቹ ዞሮ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አለ። ሥራው ለሌላ ሰው ተላለፈ። ምኑ ጋ እንደተሳሳትኩ የነገረኝ አልነበረም።

በተለምዶ አባባሉ የሚነገረው ለዚሁ ነው። ልምድ የሌለው ሰው የሠራው ለቁም ነገር አይውልም፣ ለከባድ ጉዳይ የበሰለ ሰው ፈልጉ ለማለት። እውነት አለው፤ አልክድም። ግን የተወለደበት ቦታ ድረስ ሄዶ ላየው ሰው ሌላም የሚናገረው አለ።

የተወለደው ጓዳ ነው። የጤፍ ዱቄት በውሃ ይለወሳል። ካለፈው ሊጥ የተረፈ እርሾ ይገባበታል። ደረቅ ዱቄት ሳይቀርበት እስኪዋሃድ በእጅ ይታሻል። ቡሃቃው ተከድኖ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል። ከላይ የጠለለው ቢጫ ውሃ ይቀዳል። ከዚያ አብሲት ይጣላል፣ ሊጡ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። ምጣድ የሚጣደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እናቴ በመለኪያ የምትለካው ነገር አልነበረም። እጇን ከሊጡ አንስታ ከጣቶቿ ላይ እንዴት እንደሚወርድ ታያለች። ቶሎ ከተንጠባጠበ ዱቄት ትጨምራለች። ሙጭጭ ካለ ውሃ። «ስንት ውሃ ነው የሚገባው?» ስላት «የሚበቃውን ያህል ነዋ» ትለኝ ነበር። መልስ የከለከለችኝ ይመስለኝ ነበር። አልከለከለችኝም። እውቀቱ ያለው እጇ ላይ ስለሆነ በአፍ የምትነግረኝ ቁጥር አልነበራትም። መሥሪያ ቤት ውስጥ ነባር ሠራተኞች «ዝም ብለህ እየኝ» ሲሉ ወጣቱ «ሊያስተምሩኝ አይፈልጉም» ብሎ ይከፋዋል። ብዙ ጊዜ ነገሩ የእናቴ ዓይነት ነው።

አሁን «እራት» የምትለዋን ቃል እንያት። እራት ቤተሰቡ ሁሉ የሚሰበሰብበት ማዕድ ነው። እርሻ የዋለው ይገባል፣ ከብት ሲጠብቅ የዋለው ይገባል፣ መንገድ የመሸበት እንግዳም ይመጣል። በዚያ ሰዓት ሊጡ ተበላሽቶ ቢገኝ ሌላ ለማቡካት ቀናት ይፈጃል። ቤቱ ጦሙን ያድራል። ስለዚህ እኔ እንደምረዳው አባባሉ ልጁን መስደቢያ አይደለም። ማረሚያ ጊዜ የሌለውን ሥራ ለጀማሪ ብቻውን አትስጡ የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። የሚወቅሰውም ቡሃቃውን አስረክቦ የሄደውን ትልቅ ሰው ነው።

«አይበቃም» የሚለውም «ተበላሽቷል» ማለት አይደለም። የልጅ እጅ ትንሽ ነው፣ የሚያቦካውም ትንሽ ነው። ለሁሉም አይዳረስም ማለት ነው።

ለዚህም ነው ባለሙያ እናቶች ልጅን ከጓዳ ያላባረሩት። እንጎቻ አላቸው። ዋናው እንጀራ ተጋግሮ ሲያልቅ በተረፈችው ሊጥ ለልጆች የምትጋገር ትንሽ እንጀራ። እህቴ የመጀመሪያዋን ስትጋግር ትዝ ይለኛል። ከዳር ጀምራ ወደ መሃል ማዞር ሲገባት ሊጡን መሃል ላይ ደፋችው። አንድ በኩል ወፈረ፣ በሌላ በኩል ተቀደደ፣ ዓይን የሚባል አላወጣም። እናታችን በርበሬና ቅቤ ቀባችውና ቁጭ ብላ በላችው። ከዚያ «ነገ ከዳር ጀምሪ፤ እጅሽ አይፍራ» አለቻት። ሌላ አልጨመረችም።

ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል። ምጣዱ የእውነት ምጣድ ነው። እሳቱም ያቃጥላል። ግን እንጎቻዋ ብትበላሽ ጦሙን የሚያድር የለም። የጋገረችውንም የሚበላላት ሰው አለ።

የቅኔ ቤትም በዚሁ መንገድ ነው የሚያስተምረው። ጀማሪው የሚቆጥረው፣ ማለትም የሚደርሰው፣ ጉባኤ ቃና የሚባለውን አጭር ቅኔ ነው፤ 2 ቤት ብቻ። እያደገ ሄዶ ባለ 8 ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። በየደረጃው የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል፣ የኔታም ያርሙታል። ጉባኤ ቃና አጭር ስለሆነች ቅኔነቷ አይቀርም። ፊደል ቤት ደግሞ ቀድሞ የገባው ተማሪ ኋላ የመጣውን ያስቆጥራል። ትናንት ተማሪ የነበረው ዛሬ አስተማሪ ይሆናል።

እኔም በኋላ እንጎቻ የሚሰጥ ሰው አገኘሁ። ሌላ ክፍል ስዛወር አንዲት አንጋፋ የሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ፤ ሁላችንም «እትዬ» ነበር የምንላቸው። የ6 ሰው የደመወዝ ሊስት ሰጡኝ። ያንኑ እሳቸውም በእጃቸው ሠርተው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋል። ስጨርስ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግተው «የማይመሳሰለውን ራስህ ፈልግ» አሉኝ። የጡረታዋን ስሕተት ያገኘኋት ያን ጊዜ ነው። በሚቀጥለው ወር የ15 ሰው ሆነ። ከዚያ የሁሉም።

አሁን ነገሩ የሚገለበጥበት ቦታ አለ። በሀገራችን የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው። አንድ ክፍል ውስጥ በ1966ቱ አብዮት ጊዜ ገና ሕፃን የነበረ ሰውና ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ገና ትምህርት ላይ የነበረ ልጅ ጠረጴዛ ይጋራሉ። ታዲያ ቡሃቃው አንድ ብቻ አይደለም። በአንዱ ትልቁ ያቦካል፣ በሌላው ትንሹ።

እትዬ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሰው እስኪወጣ ጠብቀው ወደ እኔ መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እስቲ ልጄ፣ ይቺን የዕቁብ ብር በስልክ መላክ አሳየኝ» አሉኝ። ለምን ዝቅ እንዳደረጉት ገባኝ። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚል ሌላ አባባል አለን። ትልቅን ሰው ለማስተማር የሚደፍር ይነቀፍበታል፣ ከትንሽ መማርም ያሳፍራል። ግን እሱንም ልብ ብለን እንየው። እናትን ምጥ ማስተማር ነውር የሆነው እናት አምጣ ስለምታውቅ ነው፣ በዕድሜ ስለምትበልጥ ብቻ አይደለም። ስልኩ ላይ ያማጥኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ።

መጀመሪያ አጠፋሁ። ስልኩን ከእጃቸው ተቀበልኩና ቶሎ ቶሎ ልልክላቸው ስል እጄን ያዙኝ። «ሥራልኝ አላልኩህም፤ አሳየኝ ነው ያልኩህ።» ስልኩን መለስኩላቸው። ዕቁቡ 5,000 ብር ነበር፤ ቢሳሳቱ ለማያውቁት ሰው ነው የሚሄደው። «እሱን እንተወውና መጀመሪያ ለእኔ 5 ብር ይላኩልኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ቁጥሬን አንድ በአንድ አስገቡ፣ ስሜ ሲመጣ ጮክ ብለው አነበቡት። የምስጢር ቁጥራቸው ጋ ሲደርሱ ፊቴን አዞርኩ። ስልኬ ጮኸ።

«ደረሰህ?»

«ደርሶኛል፣ እትዬ።»

ስልካቸውን ትንሽ አዩት። «መልሰህ ላክልኝና አንዴ ልድገመው» አሉኝ።