አንጻራዊ እርጥበት ምንድን ነው? ለድርጭት እንቁላል «ጅማ እርጥብ ነው» ማለት ለምን አይበቃም

«ጅማ አገሩ ራሱ እርጥብ ነው፤ መፈልፈያ ማሽኑ ውስጥ ውሃ አታድርጉ።» ክረምት በገባ ቁጥር ይህ ምክር ከአንዱ ድርጭት አርቢ ወደ ሌላው ይዞራል። ስህተት ነው፤ ብዙ ጫጩትም ቅርፊት ውስጥ ያስቀራል።

የእርጥበት መለኪያው ላይ የምታዩት ፐርሰንት፣ አንጻራዊ እርጥበት የሚባለው፣ አየሩ የያዘው ውሃ መጠን አይደለም። በዚያ ሙቀት መያዝ ከሚችለው ውስጥ ምን ያህሉን እንደያዘ ነው የሚነግራችሁ። አንድ ሲኒ ሙሉ ቡና ጀበና ውስጥ ብትገለብጡት ታች ይቀራል፤ ቡናው አልጎደለም፣ ዕቃው ነው የሰፋው። አየርም ሲሞቅ ዕቃው ይሰፋል። 18 ዲግሪ ላይ 80 ፐርሰንት የነበረ የክረምት አየር ማሽኑ ውስጥ ገብቶ 37.5 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 26 ፐርሰንት ይወርዳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጀበናው ተመልሶ ሲኒ ይሆናል፣ ትርፉም ይፈሳል፤ ክዳኑን የሚያልበው እሱ ነው። ያን አይቶ «ውሃ በዝቷል» ብሎ የውሃ ሳህኑን የሚያወጣ ሰው መብራት ሲመለስ እንቁላሉን ያደርቃል።

«ዶሮ የውሃ ሳህን ይዛ አትታቀፍም» ብሎ የሚከራከርም አለ። ዶሮዋ ግን እንቁላሉን ከደረቷ ቆዳ ጋር አጣብቃ ነው የምትታቀፈው፤ ማራገቢያ ቀን ከሌት አይነፍስበትም።

ለድርጭት እስከ 14ኛው ቀን ከ45 እስከ 50 ፐርሰንት፣ ማገላበጥ ከቆመ በኋላ እስከ 17ኛው ወይም 18ኛው ቀን ከ65 እስከ 70 ያስፈልጋል። እርጥበት የሚጨምረው የውሃው ጥልቀት ሳይሆን የገጹ ስፋት ነው። 65 አልደርስ ካለ ኩባያውን በሰፊ ትሪ ተኩ፣ ወይም ውሃው ውስጥ ስፖንጅ አቁሙ። የአየር ቀዳዳውን ግን አትድፈኑ፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ጫጩቱ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል።

የድርጭት ቅርፊት ዝንጉርጉር ስለሆነ እንቁላሉ ውሃ ሲያጣ ሰፊው ጫፉ ላይ የሚሰፋውን የአየር ክፍል በባትሪ አብርቶ መለየት ያስቸግራል። ሚዛን ይሻላል። ሲገባ 550 ግራም የመዘነ 50 እንቁላል በ7ኛው ቀን 517፣ በ14ኛው 484 ግራም አካባቢ መሆን አለበት፤ 12 ፐርሰንት መቀነሱ ነው። ከዚህ ከከበደ የውሃውን ገጽ አጥብቡ፣ ከቀለለ አስፉ። ሚዛኑና የእርጥበት መለኪያው ካልተስማሙ ሚዛኑን እመኑ፤ ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፣ በዚያው ፐርሰንት እንቁላሉ ቆላ ካለው ፈጥኖ ውሃ ያጣል።

ያልወጣውን እንቁላል ስበሩና እዩ። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን እንደ ወረቀት ደርቆ ጫጩቱ ላይ ከተጣበቀ ደርቆ ነበር። ጫጩቱ አብጦ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ከከበበው እርጥበቱ በዝቶ ነበር።

የእርጥበት መለኪያውንም ፈትኑት። የለስላሳ ጠርሙስ ክዳን ላይ ጨው አድርጋችሁ ጭቃ እስኪመስል ብቻ በውሃ አርጥቡት፤ ከመለኪያው ጋር በታሰረ ላስቲክ ውስጥ 12 ሰዓት ይቆይ። 75 ማሳየት አለበት፤ 68 ካለ ሁልጊዜ 7 ደምሩበት። ቴርሞሜትሩን ግን በፈላ ውሃ «100 ካላለ ተበላሽቷል» አትበሉት፤ ጅማ ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ነው። አንድ ዲግሪ የተሳሳተ ሙቀት የሚያመጣው ጥፋት ብዙ ጊዜ በእርጥበት ይሳበባል።

ቅርፊቱ መሰንጠቅ ከጀመረ ክዳን አይከፈትም። ሽፋኑ በደቂቃዎች ይደርቅና ጫጩቱን ይጠፍረዋል። ውሃ ካነሰ ለብ ያለውን በሲሪንጅና በቀጭን ቱቦ በቀዳዳው ጨምሩ። ቀድመው የወጡት የአስኳሉ ትራፊ ሆዳቸው ውስጥ ስላለ 24 ሰዓት ያለ ምግብ መቆየት ይችላሉ።