የአገርነት እውቅና ምንድን ነው?

ናውሩ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች ደሴት ናት። ስፋቷ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧ 12 ሺህ ገደማ ነው። አብካዚያ ደግሞ ጥቁር ባሕር ዳር ያለች፣ ከጆርጂያ የተገነጠለች ግዛት ናት። ሁለቱን የሚያገናኝ ድንበርም፣ ቋንቋም፣ የጋራ ታሪክም የለም። ሆኖም በዲሴምበር 2009 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ናውሩ አብካዚያን እንደ አገር አወቀች፤ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነትም መሠረቱ።

እውቅና ማለት አንድ መንግሥት ሌላውን «አገር ነህ» ብሎ በይፋ ሲቀበል ነው። ማን አገር እንደሆነ፣ ማን እንዳልሆነ የሚፈርድ ፍርድ ቤት የለም። የ1933ቱ የሞንቴቪዴዮ ስምምነት አራት መመዘኛ አስቀምጧል፦ ቋሚ ሕዝብ፣ የታወቀ ግዛት፣ መንግሥት፣ ከሌሎች አገሮች ጋር ግንኙነት የመፍጠር አቅም። በተግባር ግን ውሳኔው የየመንግሥቱ ነው፤ የሚወስነውም ባብዛኛው ፖለቲካ ነው። እውቅና መስጠት የአንድ ወገን ውሳኔ ሲሆን ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የሁለቱንም ስምምነት ይፈልጋል። ኤምባሲ መክፈት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ግንኙነት እያለ ኤምባሲ ላይኖር ይችላል።

አብካዚያ ከ1992 እስከ 1993 በተደረገው ጦርነት ከጆርጂያ እጅ ወጣች። ከ200 ሺህ በላይ ጆርጂያውያንም ከቀያቸው ተፈናቀሉ። ከ2008ቱ የሩሲያና የጆርጂያ ጦርነት በኋላ ሩሲያ እውቅና ሰጠቻት፤ ኒካራጓና ቬንዙዌላም ተከተሉ። ቀጣይዋ ናውሩ ሆነች።

ለምን ናውሩ? ኪሷ ተራቁቶ ነበር። ደሴቲቱ ድሮ በፎስፌት ማዕድን የናጠጠች ነበረች። ሜልቦርን ከተማ ውስጥ 52 ፎቅ ያለው ሕንፃ እስከ መገንባት ደርሳለች፤ የፎስፌቱ ምንጭ የወፍ ኩስ ነው ስለሚባል የከተማው ሰው «የወፍ ኩስ ግንብ» እያለ ይቀልድበት ነበር። ፎስፌቱ ሲያልቅ ዕዳው ከበዳት፤ ሕንፃው በ2004 ተሸጠ። የቀራት ትልቅ ሀብት በተባበሩት መንግሥታት ያላት ወንበር ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ላይ የእሷ ድምፅ ከቻይና ድምፅ እኩል ይቆጠራል። ኮመርሳንት የተባለው የሩሲያ ጋዜጣ ያኔ ናውሩ ከሞስኮ 50 ሚሊዮን ዶላር መጠየቋን ጽፏል። እኔ በዚህ አልፈርድባትም። ትልልቆቹም እውቅናን ለጥቅማቸው ነው የሚሰጡት፤ ልዩነቱ የእነሱ ዋጋ ጋዜጣ ላይ አለመውጣቱ ነው።

የተሰጠ እውቅና ግን ሊወሰድ ይችላል። የሌላዋ የፓስፊክ ደሴት አገር፣ የቫኑዋቱ ነገር ጉድ ነበር። በ2011 አብካዚያ «ቫኑዋቱ አወቀችኝ» አለች። በተባበሩት መንግሥታት የቫኑዋቱ አምባሳደር «እውቅና አልሰጠንም» ሲሉ፣ የገዛ አገራቸው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር «ሰጥተናል» አሉ። በዋና ከተማዋ ፖርት ቪላ መንግሥት በተቀያየረ ቁጥር መልሱም ይቀያየር ጀመር። በመጨረሻ ቫኑዋቱ በ2013 ከጆርጂያ ጋር ግንኙነት መሥርታ የጆርጂያን የግዛት አንድነት ተቀበለች። ሌላዋ የፓስፊክ ደሴት አገር ቱቫሉም በ2011 የሰጠችውን እውቅና በ2014 መልሳ ወሰደች።

እኛም ከዚህ ነገር ሩቅ አይደለንም። በጃንዋሪ 2024 ኢትዮጵያና ሶማሌላንድ የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረሙ ሶማሌላንድ እውቅና ሊሰጠኝ ነው አለች፤ የኢትዮጵያ መንግሥት መግለጫ ግን ጉዳዩን በጥልቀት አጢኖ አቋም ስለመያዝ ነው ያወራው። ሶማሊያን ለማስቆጣት ያም በቂ ነበር። የእውቅና ነገር ገና በወሬ ደረጃ እያለም ጎረቤት ያጣላል።

ታዲያ አብካዚያ ከናውሩ ምን አገኘች? እውነቱን ለመናገር፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። የተባበሩት መንግሥታት አባል ለመሆን መጀመሪያ የጸጥታው ምክር ቤት ድጋፍ ያስፈልጋል፤ እዚያ ደግሞ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት ያላቸው አምስት አገሮች ተቀምጠዋል። የናውሩ ፊርማ ያንን በር አይከፍትም። ያገኘችው ከእውቅና ሰጪዎች ዝርዝር ላይ አንድ ተጨማሪ ስም ነው። የአብካዚያ ሰው ወደ ውጭ ሲጓዝ ዛሬም ባብዛኛው የሚይዘው የሩሲያ ፓስፖርት ነው።